ያጸዱልሃል

«እናጸዳለታለን ብለው አስገብተው እግሩን ቆርጠው አወጡት እኮ! ሐበሻ ስለሆነ ነዋ፤ ማን ይጠይቅለታል?»

ይህን ያለችው በሆስፒታሉ የካርድ መስኮት ሰልፍ ላይ፣ ከየሻሽወርቅ ሁለት ሰው ቀድማ የቆመች ቶብ የሚሉትን አረንጓዴ የሱዳን ሴቶች ልብስ የለበሰች ያገሯ ሴት ናት። አጠገቧ ያለችው «ውይ፣ እኔን!» ብላ ደረቷን መታች። ሌላ ቀን ቢሆን የሻሽወርቅ መሀል ገብታ ነበር። እሷ እኮ ሰው ሲያወራ ዝም ብላ መስማት የማይሆንላት፣ አውቶቡስ ላይ የማታውቀው ሰው የማታውቃትን አማቱን ሲያማ እንኳ ዞር ብላ ምክር የምትሰጥ ሴት ናት። ዛሬ ግን ነጠላዋን ወደ ጆሮዋ ሳብ አድርጋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረች። ልብ በሉ፣ ዓረብኛ ማንበብ አትችልም! እግሩ የተቆረጠው ሰው ማን እንደሆነ አሳምራ ስለምታውቅ ነው። ሰማኸኝ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት «ያጸዱልሃል» ብሎ ያስገባውም ሐኪም አይደለም። እሷ ናት።

ካርቱም ውስጥ፣ በጀብራና በአካባቢው ያለ ሐበሻ ሁሉ «የሆስፒታሏ የሻሽ» ይላታል። አሥራ አንድ ዓመት በዚሁ ሆስፒታል ወለል ስትወለውል፣ የሐኪሞቹ ዓረብኛ ከክሎሪኑ ሽታ ጋር አብሮ ገባባት። ጉልበቷ እምቢ ሲላት መወልወያውን ተወችው፤ ስልኳ ግን አልተዋትም። አንዱን ሆዱን ሲቆርጠው፣ አንዷን ምጥ ሲይዛት፣ «እትዬ የሻሽ፣ ድረሺልን» ነው። ያላ! ብላ ትነሣለች። ክፍያዋ የረክሻ፣ ያው የባጃጅ፣ መሳፈሪያና ምርቃት ነው፤ ምርቃቱን ደግሞ ትወደዋለች፣ ምን ይደበቃል። በአስተርጓሚነቷ ላይ የራሷ የሆነ ወግ አላት፤ ምስር እንደምትለቅም ሴት፣ ከሐኪሙ ንግግር ውስጥ ጥርስ የሚሰብረውን እየለቀመች ትጥልና ቀሪውን ለበሽተኛው ታቀርባለች። ሐኪሙ «ስኳርህን ካልተቆጣጠርክ ትታወራለህ» ካለ፣ እሷ «ሻይህ ላይ ስኳር ቀንስ ይሉሃል» ትላለች። ክፉ ወሬ ለታመመ ሰው ፊት ለፊት አይነገርም፣ ያደገችበት ደንብ ነው። መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገር። በጠራራ ፀሐይ፣ በቁም፣ አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ንገሪ ስላለች ብቻ፣ እንዴት ተደርጎ!

ዛሬ የመጣችው ደግሞ በባዳ አይደለም፣ በቤቷ ሰው ነው። ጌታሁን የባሏ የገብረየስ የእህት ልጅ ነው። ከቡሬ ተነሥቶ በመተማ በኩል ከገባ ሰባት ወሩ ነው፤ ሐሳቡ ሊቢያ ገብቶ ባሕር መሻገር ነው፤ እስከዚያው ግን ሕንፃ ሥራ ላይ ብሎኬት ያመላልሳል፣ እነሱ ግቢ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በአንድ ክፍል ያድራል። ከዘጠኝ ቀን በፊት የዛገ ምስማር የላስቲክ ጫማውን በስቶ እግሩን ወጋው። የቀን ሥራው እንዳይቀርበት ብሎ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ጓደኞቹ ሱዳኖች ለቁስልም ለሆድም ለሁሉም የሚያዙትን ገረድ የሚባል የግራር ፍሬ ወቅጠው ነሰነሱበት፤ ከላዩ ካልሲ፣ ከካልሲው ላይ ፌስታል። ትናንት ግቢው መሽተት ሲጀምር የሻሽወርቅ መጀመሪያ የፈረደችው በጎረቤት ድመት ላይ ነው። ቀጥላ ቱቦው ላይ አንድ ጠርሙስ ክሎሪን ደፋች። በሦስተኛው ገብረየስን «እስቲ ካልሲህን አምጣ» አለችው፤ ገብረየስ እንደ ልማዱ ሳይመልስላት አውልቆ ሰጣት። ሽታው ከየት እንደሚመጣ በመጨረሻ ስታገኘው ድመቷንም ባሏንም ይቅርታ ሳትጠይቅ ጮኸች።

ቁስል የሚታይበት ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ባልዲ፣ መብራት ሲኖር የሚዞር አንድ ማራገቢያ። ዶክተር አብራር ቀጭን፣ ነጭ ስኒከር ያደረገች፣ ስትናገር ትንፋሽ የማትወስድ ወጣት ሐኪም ናት። ለጌታሁን «ከፋራ፣ ከፋራ» ብላ፣ እንደ አገሯ ወግ ይማርህ ብላው፣ ፌስታሉን ፈታችው። አፍንጫዋን አልያዘችም፤ የሻሽወርቅ ለዚህ ብቻ ወደደቻት። እግሩ ተነፍቷል፤ ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ከሰል መስለዋል። ዶክተሯ እጁ ላይ የግሉኮስ መርፌ አስተከለችና፣ የሻሽወርቅን ኻልቲ፣ አክስቴ እያለች፣ በዓረብኛ እንዲህ አለች፦ «ሁለቱ ጣቶች ሞተዋል፣ አወጣቸዋለሁ። ጎን ለጎን ያለውን የሞተ ሥጋም ቆርጬ አነሣለሁ። እግሩ ግን ይተርፋል፤ ዛሬ ከሆነ። ሁሉንም ንገሪው ኻልቲ፣ ምንም ሳታስቀሪ።»

የሻሽወርቅ ወደ ጌታሁን ዞረች። ልጁ ዓይኑን አፏ ላይ ተክሏል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጢሙ እንኳ ገና ሐሳቡን አልወሰነም። አንጀቷን በላት። ከዚያ ምላሷ የለመደውን መንገድ ይዞ ሄደ፤ «ምንም አይደል፣ ያጸዱልሃል» አለችው።

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ክው ያለችው። ጌታሁን ማዮ ሰፈር ሄዶ ስልኩን የሚያሠራው ሰማኸኝ ዘንድ ነው፤ ታሪኩን ከነቃሉ፣ ከነድምፁ ያውቀዋል። ፊቱ አመድ መሰለ። «ያጸዱልሃል?» አለ። ከአልጋው ወረደና እግሬ አውጪኝ አለ፣ ያውም በአንዱ! ግድግዳ እየተደገፈ፣ እጁ ላይ መርፌው እንደተተከለ፣ ፋሻውን ከኋላው እየጎተተ፣ በኮሪደሩ የተኮለኮለውን በሽተኛ ሁሉ እየዘለለ ወጣ። ዘበኛው «ያ ዞል! አንተ ሰው!» እያለ ቢከተለውም አልደረሰበትም። ረክሻ ውስጥ ዘሎ ገባና ሄደ።

«ምን አልሽው?» አለች ዶክተሯ።

«ያልሽኝን» አለች የሻሽወርቅ። ላብ አጠመቃት።

ዶክተር አብራር ጓንቷን አወለቀች፤ ደግነቱ ቁጡ አይደለችም። «ሰው የሕክምናውን ስም ሲሰማ ይፈራል» አለችና፣ በረጋ ድምፅ ቃሉን ነገረቻት። ደብራይድመንት። ቃል ከየት እንደመጣ መፈለግ እንደምትወድ፣ አባቷ ኦምዱርማን የመጻሕፍት ሱቅ እንዳለው፣ ይህንንም ከእሱ እንደወረሰችው አጫወተቻት። ቃሉ የፈረንሳዮች ነው፤ ከፈረስ አፍ ልጓም ማውለቅ ማለት ነው። የድሮ ሐኪሞቻቸው ጦርነት ላይ የቆሰለ ሰው ሥጋው ሲያብጥ፣ እብጠቱን ጠፍሮ የያዘውን ጅማት በቢላ ይበጥሱለት ነበር፤ ልጓሙን ፈታንለት ይሉ ነበር። ኋላ ላይ ሞቶ የተጣበቀውን ሥጋ ቆርጦ ማውጣትም በዚያው ስም ተጠራ። «እንግዲህ ያው ነው» አለች ዶክተሯ፣ «የሞተው ሲነሣ ጤነኛው ይተነፍሳል። እስከ አሥር ሰዓት እዚህ ነኝ። ነገ የኔ ተራ አይደለም፤ እስከ ነገ ደግሞ ወደ ቁርጭምጭሚቱ ይወጣል። ያኔ ስለ ጣት አይሆንም የምናወራው። ምንም እንዳይበላ። ያላ፣ አምጪው።»

የሻሽወርቅ በቃሉ ደስ አላት። ጌታሁን እኮ ቡሬ ላይ የጋሪ ነጂ ነበር! ፈረስ ያለበት ቃል ለእሱ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? ሆስፒታሉ በር ላይ ኦመር የሚባለውን፣ የሰፈሯን ባለ ረክሻ አገኘችና ተሳፈረች። ኦመር ሦስት ሺህ ጠየቀ፣ እሷ ሁለት አለች፣ እሱ ስለ ቤንዚን ወረፋ አንድ ንግግር አደረገ፣ እሷ ስለ ቲማቲም ዋጋ መለሰችለት፣ ሁለት ተኩል ላይ ተስማምተው እየሣቁ ጀብራ ደረሱ። ቃሉን በልቧ ስትደጋግመው ነበር የመጣችው።

ግቢያቸው ሁለት ክፍልና አንድ የኒም ዛፍ ነው። ገብረየስ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ የሰው አየር ማቀዝቀዣ ፈትቶ ሞተሩን በነዳጅ ያጥባል፤ ሥራው እሱ ነው፣ ሲሠራም አያወራም፣ ሳይሠራም አያወራም። ጌታሁን በሩ በተከፈተው ክፍሉ ውስጥ፣ በገመድ አልጋው ላይ ተንጋሎ፣ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ ጣሪያ ያያል። የሻሽወርቅ አጠገቡ ተቀመጠችና የፈረሱን ነገር አወራችው። እንዳሰበችውም ልጁ ነቃ፣ ሣቀም። ዳማ የሚባል ፈረስ እንደነበረው፣ አንዴ ለገበያ ሲሯሯጥ ልጓሙን ሳያወልቅለት እንዳሳደረው፣ ጠዋት የአፉ ጠርዝ ተልጦ ስላገኘው እንዳለቀሰ ነገራት። ልጓሙን ሲያወልቁለት ፈረስ አፉን ከፍቶ እንደ ሰው ሲያዛጋ አይታችሁ እንደሆነ እንጃ፤ ጌታሁን አስመስሎ አሳያት። ገብረየስ ሳይቀር ቀና ብሎ ፈገግ አለ። የሻሽወርቅ በቃ ሆነልኝ ብላ፣ ረጋ ብላ፣ «እና ሁለቱ ጣቶች ብቻ ይሄዳሉ፤ እግርህ ይቀራል» አለችው።

ሣቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። «የኔ ፈረስ ልጓሙ ሲወልቅ ጥርሱ አብሮ አልወለቀም፣ እትዬ» አለ። «ጠዋት ምንም አይደል ነበር ያሉኝ። አሁን ሁለት ጣት ሆነ። ማታ ስንት ሊሆን ነው?»

ልጁ እውነቱን ነው። በእግዚአብሔር ማለች፣ በማርያም ማለች፣ በሞተች እናቷ ማለች። ጌታሁን ጨዋ ልጅ ነው፣ አልተሳደበም፤ ጀርባውን ብቻ ሰጣት። እብጠቱ ከጠዋቱ ይልቅ ቁርጭምጭሚቱን ተጠግቶ አየችው። ሌላ የቀራት ነገር አልነበረም። «ሰማኸኝን ሐኪሞቹ አልዋሹትም» አለች። «ካልተቆረጠ ይሞታል ብለው ነግረውኝ ነበር። ያጸዱልሃል ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከዛፉ ሥር የሞተሩ ክዳን ወደቀ። ገብረየስ «የሻሽ» አለ። አርባ ቀን ሙሉ ለሰማኸኝ ገንፎ እየቋጠረች ስትመላለስ ቋጠሮውን የሚያስርላት እሱ ነበርና፣ በዚያች አንድ ቃል ውስጥ ብዙ ነገር ሰማች። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ጌታሁን ግን ይህንንም አላመነም። «እኔን ለማስገባት ብለው ነው ራስዎን የሚያሳጡት» አለ ፊቱን ሳያዞር። «እውነት ከሆነ ሰማኸኝ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ።»

ሰባት ሰዓት አልፏል። ኦመር ከግቢው በር ላይ ፉል ሲበላ ነበር፤ ዳቦውን በአፉ እንደያዘ ሞተሩን አስነሣላት። የማዮ መንገድ አስፋልት የሚባል አይቶ አያውቅም፤ ረክሻዋ ስትዘል የሻሽወርቅ ጭንቅላቷ ጣሪያ ይመታል፣ ኦመር «ማዓሌሽ ኻላ»፣ ይቅርታ አክስቴ፣ ይላል፣ እሷ ደግሞ ይገባኛል ትላለች በልቧ። መመለስ ትችላለች። ማዮ ሄጄ አጣሁት ብትል ማን ያውቅባታል? ይህንን ሁለት ጊዜ አሰበችው፤ ሁለት ጊዜም የልጁ እግር ታያት። ደግሞ ሰማኸኝን ትወደዋለች፣ ችግሩ ይኸው ነው። ካርቱም ውስጥ ልጅ አልወለደችም፤ «እማ የሻሽ» የሚላት እሱ ብቻ ነው።

ሰማኸኝ ገበያው ዳር፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በተፈታቱ ስልኮች መሀል ተቀምጦ ሽቦ ይበይዳል። ክራንቹን ከራሱ በላይ ምስማር ላይ ሰቅሎታል። ድምፁ ከሰውነቱ ይተልቃል፤ ሥራ ላይ እያለ ደንበኛ ከጮኸበት በአማርኛም በዓረብኛም ያባርራል። እሷን ሲያይ ግን ፊቱ በራ። «እማ የሻሽ! ነይ፣ ጥላ ውስጥ ግቢ፣ ፀሐዩ አይምታሽ» አለና፣ ስልኩን ለሚጠብቀው ሰውዬ በዓረብኛ፣ «ይቺ እናቴ ናት። ሐኪሞቹ ሲጫወቱብኝ አርባ ቀን ያበላችኝ እሷ ናት» አለው። የሻሽወርቅ በርጩማውን አልተቀበለችም። ቁጭ ካለች እንደማትናገር አውቃዋለች። ቆማ፣ አንዴ እንኳ ሳታርፍ፣ ሐኪሙ ያለውን፣ እሷ ያለችውን፣ ሲነቃም «ውስጥ ገብተው ነው ሐሳባቸውን የቀየሩት» ብላ የጨመረችበትን ሁሉ ነገረችው።

ሰማኸኝ መበየጃውን ከሽቦው ላይ ማንሣት ረሳ፤ ፕላስቲኩ ተቃጥሎ ሸተተ። ነቀለው። ለሰውዬው «ነገ ና» አለው። ሰውዬው ሄደ። ሰማኸኝ እሷን ሳይሆን ጠረጴዛውን አየ።

«ያንን ሐኪም ሁለት ዓመት ረግሜዋለሁ» አለ። «ጠዋትና ማታ። ልጆቹን ሳይቀር።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን?»

«ፊትህን አይቼ አቃተኝ።»

«ልሙት ልኑር ብዬ የምወስነው እኔ አልነበርኩም? የማን እግር ነው?»

«ያንተ።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን ወሰኑልኝ?»

እርስዎ አላት። ሁለት ዓመት አንቺ ሲላት የኖረ ልጅ! ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። አለቀሰች፤ ግን ማልቀስ የእሷ ተራ እንዳልሆነ ገብቷት በነጠላዋ ጠረገችውና የጌታሁንን ነገር ነገረችው፤ ጣቶቹን፣ እብጠቱን፣ አሥር ሰዓትን። ሰማኸኝ ስልኮቹን አንድ በአንድ ካርቶን ውስጥ ጨመረ፣ ካርቶኑን ለጎረቤቱ ሻይ ሻጭ አስረከበ፣ ክራንቹን አወረደና ወደ ረክሻው ሄደ። ኦመር ዝምታ የማይችል ሰው ነው፤ አንድ ሁለቴ ጨዋታ ጀምሮ የሚመልስለት ሲያጣ ሙዚቃውን እስከ መጨረሻው ከፈተው። የክራንቹ ጫፍ በጎን ወጥቶ መንገደኛውን ሁሉ ሲያሸሽ ጀብራ ደረሱ።

ሰማኸኝ የጌታሁን ክፍል በር ላይ ቆመ። «ተነሥ» አለው። «እውነቷን ነው። እኔን የዋሸችኝ እሷ ናት፣ ዛሬ ገና ነገረችኝ።»

ጌታሁን ተነሥቶ ተቀመጠ። አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየ። «ታዲያ አሁንስ በምን ልመናት?»

«አትመናት። እኔም አላመንኳትም። ያኔ ዓረብኛ አላውቅም ነበር፣ አሁን አውቃለሁ። አጠገቧ ቆሜ እሰማታለሁ፤ አንዲት ቃል ከዋጠች እነግርሃለሁ።»

በዚህ ተስማሙ። ገብረየስ እጁን ታጥቦ ልጁን በጀርባው አዝሎ ረክሻ ውስጥ አስገባው፤ አራት ሰው ስለማትይዝ እሱ በአውቶቡስ ሊከተላቸው ቀረ። ዶክተር አብራርን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ኮሪደር ላይ ሳንድዊች ስትበላ አገኟት። ሳንድዊቹን ለነርሷ ሰጥታ እግሩን አየች፤ ፊቷ ከጠዋቱ ይልቅ ጠነከረ። «መካከለኛዋ ጣት ጠዋት ቀይ ነበረች» አለች፣ «አሁን ጠቁራለች። ላተርፋት እሞክራለሁ፣ ቃል ግን አልገባም። ሁለቱ ያለ ጥርጥር ይሄዳሉ። እግሩን አተርፈዋለሁ ብዬ አስባለሁ። ኻልቲ፣ አስባለሁ ነው ያልኩት፤ እንደዚያው ንገሪው።»

የሻሽወርቅ ወደ ጌታሁን ዞረች። ሰማኸኝ ክራንቹን ተደግፎ ከግራዋ ቆሟል፤ ትንፋሹን ትሰማዋለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አስባለሁ» የሚለውን «ምን ጥርጥር አለው» አድርጋው ነበር። «ሁለቱ ጣቶች ይሄዳሉ» አለች። «መካከለኛዋም ልትሄድ ትችላለች፤ ትሞክራለች፣ ቃል ግን አትገባም። እግርህ ይተርፋል ብላ ታስባለች። ታስባለች ነው። እርግጠኛ ናት አላልኩም።» በሕይወቷ እንዲህ ያለ ጭካኔ ሠርታ የምታውቅ አልመሰላትም። ጌታሁን ወደ ሰማኸኝ ዞረ።

«ምንም አላስቀረችም» አለ ሰማኸኝ።

ልጁ አለቀሰ። ምስማሩን ረገመ፣ ገረዱን ረገመ፣ ብሎኬቱን ረገመ፣ በሦስት ጣት ሰሃራን ስለሚያቋርጥ ሰው አንድ ቀልድ ጀምሮ መጨረስ አቃተው። ከዚያ እንባውን በመርፌው እጁ ጠርጎ፣ «አምጡ፣ ወረቀቱ የት አለ?» አለ። ነርሷ ቀለሙን አቀረበችለት፤ አውራ ጣቱን አጥልቆ ፈረመ። ተሽከርካሪው አልጋ ሲሄድ የሻሽወርቅ እስከ በሩ ድረስ አብራው ሄደች። ስትመለስ ሰማኸኝ ኮሪደሩን ጨርሶ ነበር። «ውሃ እንኳ ሳትቀምስ!» ብላ ጠራችው። «ስልኮች ትቼ መጥቻለሁ» አለ፣ ሳይዞር። ልከተለው ብላ አሰበችና ተወችው፤ ሰውዬው ዛሬ ከእሷ ምንም አይፈልግም።

አግዳሚው ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጠች። ገብረየስ የዶሮ ሾርባ በፔርሙዝ ይዞ ሲደርስ ዶክተሯ ወጥታ፣ የሆነውን ነግራት፣ ወደ ሌላ በሽተኛ አልፋለች። «ስንት?» አለ ገብረየስ።

«ሦስት። እግሩ ተርፏል።»

ፔርሙዙን እንደያዘ አያት። «ለኔ እንኳ እውነቱን ንገሪኝ» አለ።

«ሄደህ ጠይቃት» አለችው። ተቆጥታ አይደለም። ገብረየስ ፔርሙዙን ሰጥቷት ሄደ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው የሚስቱን ቃል ሊያጣራ ኮሪደሩን ሲያቋርጥ አየችው። ፔርሙዙን አስቀምጣለት ቦታ ለቀቀችለት። ተመልሶ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። «ሦስት» አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አስገቧቸው። ጌታሁን ከንፈሩ ደርቆ፣ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ አክሎ ተኝቷል። ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው አጎቱን ነው። «ስንት?» አለ። ገብረየስ፣ ያ በሳምንት አሥር ቃል የማይሞላለት ሰው፣ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ዳበሰውና፣ «አይዞህ ልጄ፣ ምንም አልሆንክም፤ ተኛ» አለው። ልጁ ዓይኑን ከእሱ ላይ አነሣና የሻሽወርቅን ፈለጋት።

«እትዬ፣ ስንት?»

«ሦስት» አለች። «ሁለት አለህ። እግርህ አለ።»

ጌታሁን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ገብረየስ ምነው ትንሽ ብትታገሺው በሚል ዓይን አያት። እሷም እያለቀሰች ነበር፤ ወንበሩን ሳብ አድርጋ እጁን ያዘችው። ማራገቢያው ቆመ፣ መብራት ሄደ መሰለኝ፤ ከጎን ያለው በሽተኛ በዓረብኛ አጉረመረመ። ብዙ ቆይቶ ጌታሁን ዞረ።

«በሁለት ጣት ይቆማል?»

ገብረየስ አፉን ከፈተ። የሻሽወርቅ ቀደመችው።

«አላውቅም» አለችው። «ሄጄ ልጠይቅልህ።»